ሽቦው የሞቀበት ቦታ

በዚያ ዘመን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ «ትፈለጋለህ» የሚባል ቃል ነበር። ማን እንደሚፈልግህ፣ ለምን እንደሚፈልግህ አይነገርህም። የተፈለገ ሰው ነጠላውን ወይም ኮቱን ያነሳል፣ ለቤተሰቡ «አሁን መጣሁ» ይላል፣ ይሄዳል። አንዳንዱ ማታውን ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ ቤተሰቡ በር በሩን እያየ ዓመት ይቆጥራል። እኔ የተፈለግሁት ንፋስ መውጫ፣ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳ ላይ አምፖል እየሣልኩ ሳለሁ ነው።

የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት በሳይንስ መምህርነት ወደ ጋይንት ተመደብኩ። መውደቁንማ እኛ የት አውቀን? እናቴ አውቶቡስ ላይ ስታሳፍረኝ «ልጄ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላ መክራኝ ነበር። ምክሯን ከሚገባው በላይ ተቀበልኩት። ስብሰባ ላይ እጄን የማወጣው ሌሎቹ ካወጡ በኋላ ነው፤ የማወርደውም ሌሎቹ ሲያወርዱ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለ ዝናብና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ካልሆነ በቀር አላወራም። ፈሪ ነበርኩ፤ ይህን ለመናገር ዛሬ አላፍርም፤ ፈሪ መሆን የዚያን ጊዜ ብልህነት ይባል ነበር።

ወታደሩ የክፍሉን በር ሳያንኳኳ ገባ። ልጆቹ ብድግ አሉ።

«ኤሌክትሪክ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ?»

አይደለሁም ልል አሰብኩ። ግን ከጀርባዬ ከነሽቦው፣ ከነባትሪው የሣልኩት አምፖል አለ።

«ነኝ» አልኩ።

«ትፈለጊያለሽ።»

ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ነው የተከተልኩት። የንፋስ መውጫ ነፋስ ቀሚሴን እየገፋ፣ በገበያው ዳር አድርገን፣ ወታደሮቹ ወዳሉበት ግቢ ወረድን። የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ግቢው በር ላይ አንዲት ሴት ምግብ የቋጠረችበትን ፎጣ ታቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከድጃ ናት፣ የሰይድ ሚስት። ሰይድ ማለት ገበያው አጠገብ በትንሽ ሱቁ የሰውን ባትሪ የሚሞላ ሰው ነው። የቴፑም፣ የሬዲዮውም፣ የትምህርት ቤታችንም ባትሪ በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው። የዚህን ግቢ የሬዲዮ መገናኛ ባትሪ ከጄኔሬተሩ ጋር ያገናኘውን ሽቦ የዘረጋውም እሱ ነው።

«እህቴ፣ አንቺም ተፈለግሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አዎ። ምን ሆነ?»

«ሰይድን ትናንት ማታ ወሰዱት። ዛሬ ሲመሽ በመኪና ሊሄድ ነው አሉ። ወዴት ብል የሚነግረኝ የለም። ምግቡንም አልተቀበሉኝ።»

ወታደሩ «ግቢ!» አለኝ። ዘበኛው አያ ደምሴ በሩን ከፈቱልኝ። የስማዳ ሰው ናቸው፤ አርሰው ሲበሉ ኖረው በስተርጅና ዘበኛ የሆኑ። ሁልጊዜ ሳልፍ «እንዴት ዋልሽ ልጄ፣ ልጆቹ አስቸገሩሽ?» ይሉኝ ነበር። የዚያን ቀን «ግቢ፣ እግዜር ይከተልሽ» ብቻ አሉና አንገታቸውን ደፉ። ስለኔ ያዘኑ መሰለኝ።

ግቢው መሃል አንድ የጭነት መኪና አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል።

መቶ አለቃው የሬዲዮው ክፍል ውስጥ ነበር። ወጣት ነው፤ ምናልባት ከእኔ በሦስት በአራት ዓመት ቢበልጥ ነው። ሽጉጡ ወገቡ ላይ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይኑ ቀልቷል። ጠረጴዛው ላይ ሬዲዮው፣ ወለሉ ላይ ሁለት ትልልቅ የመኪና ባትሪዎች። ቀይና ጥቁር ሽቦ ከባትሪዎቹ ተነስቶ በመስኮቱ ይወጣል።

«ጓድ መምህርት፣ ሽቦ ለምን ይሞቃል?» አለኝ፤ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጠኝ።

ልክ እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «ሽቦው ለሚያልፍበት ኃይል ከቀጠነ ይሞቃል። ወይም ደግሞ... መጋጠሚያው ከተበላሸ።»

«እኔም ቀጭን ነው ብዬአለሁ።» ወደ ሬዲዮው ጠቆመ። «ትናንት ብርቱ መልእክት እያስተላለፍን መሃል ላይ ሞተ። ጄኔሬተሩ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ባትሪው አይሞላም። ወታደሮቼ ሽቦው ጋለ ይሉኛል። ያ ነጋዴ ሆን ብሎ ቀጭን ሽቦ ዘርግቶብናል። አሻጥር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! አንቺን የፈለግሁሽ በትምህርትሽ እንድታረጋግጪልኝ ነው።»

ገባኝ። የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሴን መነቅነቅ። ከነቀነቅሁ ወደ አምፖሌ እመለሳለሁ፣ ሰይድ በዚያ መኪና ይሄዳል። ጠመኔው እጄ ውስጥ ላብ ነክቶት ሟሟ። ሰይድን ለማዳን ቆርጬ ተነሳሁ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው። አንደበቴ ልማድ ሆኖበት፣ ተማሪ ሲሳሳት እንደማደርገው አመለጠኝ።

«መጀመሪያ መንካት ያስፈልጋል» አልኩ።

«ምን?»

አንዴ አምልጦኛል፤ ቀጠልኩ። «ሽቦው ቀጭን ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚሞቀው። መጋጠሚያ ከሆነ የተበላሸው፣ የሚግለው አንድ ቦታ ላይ ነው። ጄኔሬተሩ እየሠራ ከዚህ እስከዚያ በእጄ ልከተለው።»

«ከዳር እስከ ዳር ከሞቀስ?»

«ያን ጊዜ እርስዎ እንዳሉት ነው።»

ጄኔሬተሩ ይነሳ ብሎ አዘዘ። ከግቢው ጀርባ ድምፁ ተሰማ። ባትሪው ፊት ተንበረከክሁ። መቶ አለቃው ከራሴ በላይ ቆሞ ሲጋራ ከኪሱ አወጣ፤ ክብሪቱን ሲያንቀጫቅጨው ሰማሁ።

«እንዳይጭሩት!» ብዬ ጮህኩ።

በሩ ላይ የቆመው ወታደር መሣሪያውን አስተካከለ። እኔ ነኝ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንጂ የማላወራው ሴት፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ላይ የጮህኩት።

«ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል፤ እሳት ካገኘ ይፈነዳል» አልኩ። «ይቅርታ፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

ክብሪቱን አየው፣ ባትሪውን አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ቀጥዪ» አለ።

ባትሪው ጫፍ ላይ ሽቦው ቀዝቃዛ ነበር። በመስኮቱ እስከሚወጣበት ድረስ ተከተልኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ውጭ ወጥቼ፣ ከአጠና ወደ አጠና ተንጠልጥሎ ግቢውን የሚያቋርጠውን ሽቦ ያዝኩ። ሞቀኝ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ፤ ይሞቃል። ሌላ ሁለት፤ እንደዚያው ይሞቃል። መቶ አለቃው ከኋላዬ እጁን ዘርግቶ ያዘው።

«ይሞቃል!» አለ።

«ይሞቃል» አልኩ።

«ሁሉም ቦታ ይሞቃል!»

ሰይድ የታሰረበት ክፍል ከፊት ለፊታችን ነው፤ ሲያስል እሰማዋለሁ። እሱም የእኛን ንግግር ይሰማል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይህ ነው ብዬ አሰብኩ። ነገሩን ያባስኩት እኔ ነኝ፤ ዝም ብዬ ነቅንቄ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በእጄ አልመሰክርበትም ነበር። እጄን ከሽቦው ላይ ለማንሳት ድፍረት አጣሁና፣ እንዲሁ እየጎተትኩት ወደፊት ሄድኩ።

ያ መኪና አጠገብ ስደርስ እጄን ቀዘቀዘኝ።

ቆምኩ። ወደኋላ መለስኩት፤ ሞቀ። ወደፊት ወሰድኩት፤ ቀዘቀዘ። ቀና ስል የመኪናው ጥላ ሽቦው ላይ ወድቋል። የማይረባ ጭንቅላት! የከሰዓት ፀሐይ ጥቁር ሽቦ ላይ ሲውል ምን ይሆናል ብዬ ልጆቹን ስንት ጊዜ ጠይቄአለሁ?

«ጓድ መቶ አለቃ፣ እባክዎ እዚህ ጥላው ውስጥ ይንኩት።»

ነካው። ቅንድቡ ተሰበሰበ። «ቀዝቃዛ ነው።»

«ያኛውን ያሞቀው ፀሐይ ነው። ቀጭን ቢሆን ጥላ ውስጥም ይሞቅ ነበር።»

ቀና ብሎ ፀሐይዋን አያት፤ እሷም የተጠረጠረች መሰለኝ። «ቀጥዪ» አለ እንደገና፤ አሁን ግን ከኋላዬ መሆኑን ትቶ ከጎኔ ሄደ።

ሽቦው ከመኪናው አልፎ መጋዘኑ ውስጥ ይገባል፤ በመጋዘኑ ግድግዳ ተንጠልጥሎ ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ያልፋል። መጋዘኑ ጨለማ ነው። ጨው የተነሰነሰበት የከብት ቆዳ ተከምሮ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። እዚህ ፀሐይ የለም፤ የሞቀ ነገር ካለ እውነተኛ ነው። ግድግዳውን እየዳበስኩ ሄድኩ። ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛ። ለብ ያለ። ሞቃት። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጆንያ ውስጥ እጄ ሲገባ ጣቴን ለበለበኝና ጮህኩ።

መቶ አለቃው ጆንያውን ገነጠለው። ሽቦው ላይ የበቆሎ ራስ የሚያህል ጉብ ያለ ነገር ተጠምጥሟል። የእጅ ባትሪ አብርቶ አየው። ጠፍር ነው። እርጥብ ሳለ የተጠመጠመ፣ ሲደርቅ እንደ ብረት ጭምድድ ያለ የበሬ ጠፍር። ዳርና ዳሩ ጠቁሮ የተለበለበ ቆዳ ይሸታል።

«ይህ ምንድነው? ማነው ይህን ያደረገ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

ዞር ስንል አያ ደምሴ በሩ ላይ ቆመዋል። ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

«ክረምት ላይ የጭነት በቅሎ እዚህ አስጠልለን ነበር። ደንብራ ስትጎትት ሽቦው ተበጠሰ። የማን ያለህ ልበል? በጠስክ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ሰይድ ሲዘረጋው ‹አያ ደምሴ፣ ይህ ነገር ከላላ ይግላል፣ ከጋለ ቤት ያቃጥላል፤ እንዳይላላ ይጠብቁልኝ› ብሎኝ ነበር። ሁለቱን ጫፍ ገምጄ፣ ከዚያ ቆዳ ላይ ጠፍር በጥሼ፣ በውኃ ነክሬ፣ እንደ ሞፈርና ቀንበር አድርጌ አሰርኩት። ክረምቱን ሙሉ በሬ ሲጎትተው ውሎ የማይላላ፣ ሽቦ ያላላዋል ብዬ በምን ልጠርጥር?»

ጄኔሬተሩ እንዲጠፋ ተደረገ። በወታደሩ ሳንጃ ሽቦውን ከግራና ከቀኝ ቆረጥኩና ጉብታውን ወደ ብርሃን አወጣሁት። በሳንጃው ጫፍ ጠፍሩን ከዳር ሸረከትሁት። ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ የቀሩት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጥቂት ክሮች ናቸው። ቆዳው ጨው ጠጥቷል፤ ጨው እርጥበት ይጠራል፣ መዳብ ይበላል። ያ ሁሉ ኃይል በእነዚያ ጥቂት ክሮች ካላለፍኩ ብሎ ሲተናነቅ ነው የሚግለው፤ ባትሪው ጋ የሚደርሰው ደግሞ ትርፍራፊው ነው። ይህን ሁሉ እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ሰይድ የዳነ መሰለኝ።

መቶ አለቃው ግን ፊቱ አልተፈታም። «እሰር ያለው ማነው? ነጋዴው ነው። በጨው ቆዳ ያሰረው ማነው? ዘበኛው ነው። እንግዲያው ተመካክረዋል» አለ።

አንድ የነበሩት ሁለት ሆኑ። አያ ደምሴ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው «ኧረ በማርያም! ኧረ በማርያም!» ይላሉ። ወታደሩ ትከሻቸውን ያዘ። ተፈትቼ ወደ ክፍሌ የምመለስበት ጊዜ ነበር፤ ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። መቶ አለቃው ጉብታውን ከእጄ ወስዶ ቋጠሮውን በጥፍሩ ሊፈታ ይታገላል። አልተፈታለትም። በጥርሱ ሞከረ። ንቅንቅ አላለም።

«አይፈታም» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ሊያጠፋ የፈለገ ሰው ቆርጦት ይሄዳል፤ ወይ አላልቶ ይተወዋል። እርስዎ በጥርስዎ ያልፈቱትን ቋጠሮ ያሰረ ሰው እንዳይበጠስ የለመነ ሰው ነው። ጥፋት ነው፤ አሻጥር ግን አይደለም።»

እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ዝንቡ አሁን ገባ ብዬ አሰብኩ። «ሦስተኛዋም አንቺ ነሽ» ብሎ ሲያዝዝ ለመስማት ጠበቅሁ።

ቋጠሮውን በእጁ ላይ አገላበጠው። ከዚያ ወደ አያ ደምሴ ዞሮ «በሬ ነበረህ?» አላቸው።

«ጥንድ ነበረኝ ጌታዬ። በድርቁ አለቁ።»

ሌላ አልጠየቀም፤ ወታደሩ ለቀቃቸውና ወጥተው አጥሩ ሥር ቁጭ አሉ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ዛሬም አውቃለሁ አልልም። ወደኔ ዞሮ «ማን ይሠራዋል?» አለ።

«ሰይድ።»

«አንቺ አትችይም?»

እችል ነበር። ሁለት ጫፍ ልጦ መግመድ ምን ከባድ ነገር አለው? «አልችልም። ሳይንሱን እንጂ እጁን አልተማርኩም» አልኩ። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ ያልተናዘዝኩት ይህን ብቻ ነው።

ሰይድን አወጡት። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ከንፈሩ ደርቋል፣ አንድ እጁ አብጧል። ሽቦውን ስይዝለት፣ እያጎነበሰ «ከድጃ አለች?» አለኝ በለሆሳስ።

«በር ላይ ናት። ምግብ ይዛለች።»

የተበላውን ቆርጦ ጣለ፣ ንጹሑን ልጦ ገመደ፣ ከሱቁ ባስመጡለት ፕላስተር ጠቀለለው። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። እጄን መጋጠሚያው ላይ አድርጌ፣ ይሞቅ ይሆን እያልኩ ትንፋሼን ያዝኩ። አልሞቀም። ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘቀዝቅ ሬዲዮው ተከፈተ። ሲንጫጫ ቆይቶ የሩቅ ሰው ድምፅ መጣ፤ «ይሰማል፣ ይሰማል» ይላል። ሰይድ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

መቶ አለቃው ሲወጣ ፊታችንን ሳያይ ነው የተናገረው። ለሰይድ «ሂድ» አለው። ጉብታውን ለእኔ ወረወረልኝ። «ውሰጂው፤ ለተማሪዎችሽ አሳዪ።» ከዚያ ወታደሩን «ሽማግሌው ወደ በሩ ይመለስ» አለው። በቃ፣ ይኸው ነው። ያ ሁሉ ፍርሃት በሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

ወታደሩ ግን እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ግቢው ጮኸ።

«ደምሴ! ትፈለጋለህ!»

መልስ የለም። ደግሞ ጮኸ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል፤ በትራቸው ግድግዳው ላይ ቆሟል፤ ሰውየው የሉም። ከድጃ ሰይድን አቅፋ ስታለቅስ ቆይታ ነገረችን። የመጀመሪያውን ጥሪ ሲሰሙ በአጠገቧ አልፈው፣ ምንም ሳይዙ፣ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ወርደዋል። «ሰይድን ይቅር በለኝ ብሎሃል በዪልኝ» ብቻ ብለዋታል። መቶ አለቃው ሲነገረው «ተዉት፣ ሌላ ዘበኛ ፈልጉ» አለና ገባ። ተከትሏቸው የሄደ አንድም ሰው የለም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ጀግና ሆንኩ አልላችሁም። ለሳምንታት በር ሲንኳኳ ነጠላዬን አነሳ ነበር። ግን አንድ ነገር ተለወጠብኝ፤ ራሴን ከመነቅነቄ በፊት እጄን እሰድዳለሁ። ሰው ስለ ሰው «አጥፊ ነው» ሲለኝ፣ የሞቀው የት ላይ ነው፣ ፀሐይ ይሆን ወይ እላለሁ። በዚህ ምክንያት እልከኛ የሚል ስም አትርፌአለሁ፤ ባለቤቴም ይመሰክራል። ሰይድ ሱቁን ከፍቶ ብዙ ዓመት ሠራ፤ ልጆቹንም አስተማርኩለት። ቋጠሮው እቤቴ አለ። የተማሪ ዘር ሁሉ ሞክሮታል፤ እስከ ዛሬ የፈታው የለም።

የሚያንገበግበኝ አያ ደምሴ ናቸው። ከስማዳ የመጣ ተማሪ ባጋጠመኝ ቁጥር ጠይቄአለሁ። አንዱ «እንደዚያ ያለ ሽማግሌ ቆላ ወርዶ ተሸሽጎ ይኖራል ሲባል ሰምቻለሁ» አለኝ፤ ሌላው አላውቅም አለኝ። መንግሥት ተለወጠ፣ ያ ግቢ ሌላ ነገር ሆነ፣ እሳቸው ግን ይህን ሁሉ ዓመት የሚፈለጉ መስሏቸው ኖረው ይሆናል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ከስማዳ፣ ከእስቴ፣ ከታች ጋይንት ያላችሁ፣ አንድ ጊዜ ንፋስ መውጫ ዘበኛ የነበሩ፣ ቋጠሯቸው የማይፈታ ሽማግሌ የምታውቁ ከሆነ፣ እሳቸው ከሌሉም ልጆቻቸውን የምታውቁ ከሆነ፣ እባካችሁ ንገሩልኝ። ያን ቀን የተጠሩት ወደ በራቸው እንዲመለሱ ነበር። የፈለጋቸው ማንም የለም።